የካናዛዋው ዋሴ

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ሞጣ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምን ይዘህ መጣህ?» ይለኛል። ምንም እላለሁ። «እንዴት ናቸው ሰዎቹ?» ሲሉኝ ደግሞ ደህና ናቸው ብዬ ወሬውን እቀይራለሁ። እዚያ ምን አበላሽቼ እንደመጣሁ ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። አሁን የምጽፈው ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችል ሰው እዚህ አገር የለም። በልቤ ይዤው መቀመጥ አቅቶኝ ነው። አገሩን ሄዳችሁ የማታዩ አንባቢዎች የሰፈሩን ነገር ከእኔ ስሙ፤ ጥፋቴንም አብራችሁ ስሙት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። የጋበዙኝ ጋሽ ሞሪታ ናቸው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ በበጎ ፈቃድ ቢቸና መጥተው ሁለት ዓመት ሂሳብ አስተምረውኛል። ከሄዱ በኋላ ስንጻጻፍ ኖርን፤ ደብዳቤው ቀርቶ ስልክ ሆነ፤ በመጨረሻ «እኔ ሳልሞት አንዴ ና» አሉኝ። ትኬቱንም እሳቸው ቆረጡልኝ።

ቅዳሜ ከሞጣ ተነሣሁ። ለሳምንታት ተዘግቶ የከረመው መንገድ ከተከፈተ ገና ሦስት ቀኑ ስለነበር መናኸሪያው ሰው በሰው ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጉልበቴ ደረቴ ላይ፣ አንዱ የሌላ ሰው ሻንጣ ሥር ሆኖ ወጣን። ጉንደ ወይን ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማ ተብሎ የተጫነውም ጎማ የፈነዳ ነበር። ሾፌሩ ከሌላ መኪና እስኪለምን ድረስ የጤፍ ማሳ ዳር ተቀመጥን። አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት፣ ከለቅሶ መመለሷ ነው፣ ቆሎዋን ለሁላችንም አዞረችልን። የት ነው የምትሄደው አለችኝ። ጃፓን ብላት ቀልድ መስሏት፣ ሐዘኗን ረስታ ፈገግ አለች። እኔም አላረምኳት።

ቢቸና ስንገባ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አይሄድም። አልጋ የያዝኩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ነው። ጋሽ ሞሪታ በወጣትነታቸው ተከራይተው የኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

«ያ ጃፓኑ አለ እንዴ?» አሉኝ።

«አሉ። እሳቸው ጋ ነው የምሄደው።»

«እሰይ! እሱ እኮ በርበሬው እያንገበገበው፣ እንባው እየወረደ፣ እምቢ ብሎ ይጨርስ ነበር። ተው ስንለው አይሰማ። ማታ ማታ ደግሞ ጠጅ ቤት ሄዶ አዝማሪ ፊት ቁጭ ነው። አማርኛውን ያስተማረው አዝማሪ ነው እንጂ እናንተ ናችሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «አሁንማ አዝማሪውም የለ፣ ጠጅ ቤቱም ተዘግቷል። ይህንን አትንገረው» አሉ።

ጠዋት ሒሳብ ልክፈል ብል ሊቆጡኝ ደረሱ። አንድ ከረጢት ድርቆሽና በላስቲክ የታሰረ በርበሬ ሰጡኝ። «ክፍልህ እንዳለ ነው፣ እህል ነው የምናስቀምጥበት፣ ከመጣህ እናወጣዋለን በለው።»

እሑድ ደጀን ኬላ ላይ ያ በርበሬ ጉድ አፈላ። ፈታሹ ወጣት ላስቲኩን ከፍቶ ሲያሸት አስነጠሰው፤ ከኋላው ያለውም አስነጠሰው፤ ተሰላፊው ሁሉ ማስነጠስ ጀመረ። የሚስቅ ግን አልነበረም። በዚህ ዘመን ኬላ ላይ የሚስቅ ሰው የለም። ዓባይን ወርደን፣ ወጥተን፣ አዲስ አበባ የገባሁት ሲመሽ ነው። ሰኞ በረርኩ። ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ተጽፏልና እኔ አልደግመውም፤ እግሬ አብጦ ነበር፣ ያ ይበቃል።

ማክሰኞ አውሮፕላኑ ካረፈበት ትልቅ ከተማ ጋሽ ሞሪታ ወደሚኖሩበት ወደ ካናዛዋ በባቡር ሄድኩ። ባቡሩ ከሞጣ እስከ ቢቸና በፈጀብኝ ጊዜ ውስጥ አገሩን ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ባሕር አሻገረኝ። ሌላው ተሳፋሪ ተኝቷል። እኔ በመስኮቱ እያየሁ የገረመኝ ፍጥነቱ አይደለም፤ አንድም ሰው «እንደርስ ይሆን?» ብሎ የማይጨነቅ መሆኑ ነው። ተቆጨሁ። የተቆጨሁት ለራሴ ሳይሆን ለዚያች ከለቅሶ ለምትመለስ ሴት ነው።

ጋሽ ሞሪታ ጣቢያው በር ላይ «አያሌው» ብለው በፊደላችን የጻፉት ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ጎብጠዋል፤ ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። አገላብጬ ስስማቸው የአገሩ ሰው ቆሞ አየን። «ደህና ነህ? ቤቱ ደህና? ከብቱ ደህና?» አሉኝ፤ እኔ ከብት ኖሮኝ አያውቅም፣ እሳቸው ግን የተማሩት ሰላምታ ያ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሳይሉት አይተውም።

ቤታቸው ሆነን ሩዝና ዓሣ አቀረቡልኝ። እንደ አገሬ ወግ «በቃኝ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁት» አልኩ፤ እስኪለምኑኝ መጠበቄ ነው። እሺ ብለው ሳህኑን አነሡት። በጉድ! ከጥዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሆዴ እየጮኸ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከጓዳ ድንገት ሮጠው ወጡ።

«አያሌው! ረስቼው! በሞቴ ማለት ነበረብኝ!»

«ነበረብዎት» አልኩ።

«በሞቴ ብላ! በሞቴ!» እያሉ ሩዙን በእጃቸው አጎረሱኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። በዚያ አገር ከልቤ የሳቅሁበት የመጨረሻው ቀን ያ ነው።

ማታ ኑሯቸውን አጫወቱኝ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ከተማ ናቸው፣ በዓመት አንዴ ይመጣሉ። ከቢቸና ሲመለሱ ማስተማሩን ትተው የአባታቸውን ሙያ ያዙ። ሙያው ሻሚሴን መሥራትና መጠገን ነው። ሻሚሴን ሦስት ክር ያለው፣ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ በቆዳ የተወጠረ መሣሪያ ነው። የእኛ ማሲንቆ የፍየል ቆዳ ነው፤ የነሱ የምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የድመት አሉኝና እጄን ሰበሰብኩ። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ የሚጠግኑት ለአንድ ቤት ብቻ ነው። ያ ቤት ወይዘሮ ኪኩ የሚባሉ፣ በዜማ እንግዳ የሚያጫውቱ አሮጊት ጌይሻ ቤት ነው። ዘወትር ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፣ ክሩን ያያሉ፣ ወይዘሮ ኪኩ አንድ ሁለት ዜማ ይጫወቱላቸዋል፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

«ሐሙስ የሚባል ቀን ባይኖር» አሉኝ፣ «እስካሁን ሞቼ ነበር። የቀረውን ስድስት ቀን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በዚህ ሐሙስ አንተን ይዤህ እገባለሁ።»

ረቡዕ አስቀድመው ሰፈሩን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ወንዙን በእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ነው። ስሙ የምሥራቁ ሻይ ቤት ሰፈር እንደማለት ነው፤ ሻይ ቤት ስላችሁ ግን ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን እንዳታስቡ። ሻይ አይሸጥበትም። ጌይሻ የሚባሉት ሴቶች እንግዳ ተቀብለው የሚዘፍኑበት፣ የሚጨፍሩበት፣ ወግ የሚያወጉበት ቤት ነው። ቤቶቹ ከእንጨት ተሠርተው በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል፤ ደጃቸው በጠባብ የእንጨት ርብራብ ተሸፍኗል። ከውስጥ ያለ ሰው ውጭውን ያያል፤ ከውጭ ያለ ግን ወደ ውስጥ ምንም አያይም። ሁሉም ፎቅ ናቸው። ቤቶቹ በተሠሩበት ዘመን ተራ ሰው ፎቅ መሥራት የተከለከለ ሆኖ ሳለ ለዚህ ሰፈር ብቻ ተፈቅዶ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የአገሩ ገዥ ከተማው ውስጥ የተበተኑትን ቤቶች ሰብስቦ እዚህ አሰፈራቸው፤ በር አበጅቶ ዘበኛ አቆመ። ዘበኛው እንግዳ ከማስከበሩ ይልቅ ሴቶቹ እንዳይወጡ መጠበቁ ይበልጥ ነበር አሉኝ ጋሽ ሞሪታ።

አልሸሸጉኝም። ሰብል የጠፋበት ገበሬ ሴት ልጁን በልጅነቷ ለቤቱ ይሰጥ ነበር። ቤቱ ያሳድጋታል፣ ዜማና ጭፈራ ያስተምራታል፤ እሷ ያን ሁሉ በጉልበቷ እስክትመልስ ዕድሜዋ ያልቃል። ጥበቡና ሰቆቃው የኖሩት አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ዛሬ ያ በሕግ የለም፤ የምትገባ ወጣት ወዳ ነው የምትገባው። የሚገቡት ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ቤት ካፌ ሆኗል። አንዱ ቤት ውስጥ አይስክሬም ላይ እውነተኛ ወርቅ ለጥፈው ይሸጣሉ፤ ወጣቶች ተሰልፈው ወርቁን ይልሳሉ። እኔ የሞጣው ሰው ቆሜ አየኋቸው።

ወይዘሮ ኪኩ በስድስት ዓመታቸው ነው የገቡት። አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል። የሰፈሩን የድሮ ዜማ ሙሉ በሙሉ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አዝማሪን አሰብኩ። እኛም የምንወደውንና የምንንቀውን አንድ ላይ አድርገን ነው የኖርነው። ማታ ስንጫወትበት አድረን፣ ጠዋት ልጃችንን አንድርለትም። እነሱስ ቢያንስ ቤቱን አስቀርተውታል። የእኛው አዝማሪ ማሲንቆውን ጠቅልሎ ከሞጣ ሲወጣ ወዴት ነህ ያለው እንኳ አልነበረም።

ድልድዩ ላይ ስንመለስ ጋሽ ሞሪታ ቆም አሉ።

«አሁን ዋናውን ልንገርህ። እዚያ ቤት በገንዘብ አይገባም። ሚሊየነር ቢሆን አይገባም። የቆየ እንግዳ ዋስ ሆኖት ነው አዲስ ሰው የሚገባ። እኔ የገባሁ አባቴ ዋስ ሆኖኝ ነው። አንተ የምትገባ እኔ ዋስህ ሆኜ ነው። አንተ ብታጠፋ ያጠፋሁ እኔ ነኝ። በሩ የሚዘጋው በኔ ላይ ነው። ገባህ?»

«ጋሼ፣ የጎጃም ሰው ዋስ ምን እንደሆነ ይነገረዋል እንዴ!» አልኩ። እውነቴን ነው። በእኛ አገር ዋሱን ያሳፈረ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ቦታ አይለቀቅለትም። ሽማግሌ ሆኜ ስንት ሰው ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። በራሴ ተማምኜ ነበር።

ደንቡን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ጫማ ይወልቃል። ፎቶ አይነሣም። የሴቶቹ ሰውነት አይነካም። ውስጥ የሆነው ውጭ አይወራም። ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ማመስገን ነው። ሁሉንም ደገምኩላቸው፤ እንደ ድሮው ተማሪያቸው ጎበዝ አሉኝ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ገባን። አንዲት ወጣት በሩን ከፍታ መሬት ድረስ ጎንበስ አለች። ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንጣፍ፣ አንድ አበባ፣ ከርብራቡ የሚገባ የከሰዓት ብርሃን። ወይዘሮ ኪኩ ለእኔ ክብር ሲሉ ፊታቸውን እንደ ድሮው ወግ ነጭ ተቀብተው፣ ጥቁር ኪሞኖ ለብሰው ወጡ። ትንሽ ሴት ናቸው። ጋሽ ሞሪታን ሲያዩ ዓይናቸው ብቻ ሳቀ፤ ጋሽ ሞሪታም የሃያ ዓመት ወጣት ሆነው ታዩኝ።

ከዚያ ሻሚሴኑን አንሥተው ጀመሩ። ዜማው ስለ ዝናብ ነው ብለውኛል ጋሽ ሞሪታ፤ የምትጠብቀው ሰው ያልመጣላት ሴት የዝናቡን ድምፅ ኮቴው እየመሰላት ስትነሣና ስትቀመጥ። ቃሉ አይገባኝም። ቅኝቱ ግን አምባሰል ነው ብዬ ብምል ማን ይረታኛል! ድምፃቸው ወፍራም፣ የደከመ፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ ነው። ማሲንቆ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ሞጣ የመጨረሻው ጠጅ ቤት የተዘጋበት ሰሞን፣ የሞቱት ጓደኞቼ፣ የተዘጋው መንገድ፣ ትምህርት ቤት ካዩ የቆዩት የልጅ ልጆቼ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አለቀስኩ። እንባዬ በጢሜ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረግሁትም። በአገሬ ሙዚቃ እንዲህ ሲያደርገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው።

ተነሣሁ። ኪሴ ውስጥ ከሞጣ ይዤው የመጣሁት ብር ነበር። በምራቄ አርሼ የወይዘሮ ኪኩ ግንባር ላይ ለጠፍኩት።

እንዲህ ነው ያደረግኩት።

የተቀቡት ቅባት እርጥብ ነበርና ብሩ በደንብ ያዘ። ወይዘሮ ኪኩ እጃቸው አልቆመም። ዜማውን አንድ ምት ሳያዛንፉ፣ ብሩ ግንባራቸው ላይ እንደተለጠፈ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ረጅም ዜማ ነው። እኔ መሐል ክፍሉ ቆሜ፣ የወጣቷን ፊት አይቼ፣ ከዚያ የጋሽ ሞሪታን ፊት አይቼ፣ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ሲጨርሱ ሻሚሴኑን አስቀመጡ፤ ብሩን በሁለት እጃቸው አነሡት፤ ነጩ ቅባት ላይ አራት ማዕዘን ቁስል የመሰለ ቦታ ቀረ። ብሩን ምንጣፉ ላይ አድርገው ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ስንመለስ ጋሽ ሞሪታ ድልድዩ ድረስ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። ከዚያ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እኔ ራሴ ቢቸና ስንቱ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር እለጥፍ ነበር። ልነግርህ ይገባ ነበር። ረሳሁት።»

«ጋሼ፣ አንቱ ምን አጠፉ!»

«ዋስህ ነኛ» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሞሪታ በጨርቅ የተጠቀለለ ጣፋጭ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ወይዘሮ ኪኩ ጋደም ብለዋል ተባልኩ አሉኝ። ጣፋጩን ተቀብለዋቸዋል። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ገና አላውቅም» አሉኝ። ስለዚህ ገና ያልተዘጋ በር ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ የማውቀውን ዕርቅ አሰብኩ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ደጅ ጎንበስ ይላል። የተበደለው ይወጣል፣ ድንጋዩን ያነሣለታል፣ ያን ጊዜ ያልቃል። ነፍስ የጠፋበት ነገር እንኳ በዚህ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ ሞሪታ ሳይነሡ ወጣሁ፤ ከወንዙ ዳር አንድ ደህና ድንጋይ መረጥኩ፤ ተሸክሜ ወይዘሮ ኪኩ ደጅ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

ማንም አልወጣም። መንገዱ እየሞላ መጣ። መጀመሪያ ሁለት ቱሪስቶች ቆሙ፤ ከዚያ አሥር ሆኑ፤ ስልክ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዷ አጠገቤ ጎንበስ ብላ ከነድንጋዬ አብራኝ ፎቶ ተነሣች። እኔ አንገቴን አላቀናሁም፤ ማቅናት ነውር ነው። በርብራቡ ውስጥ ሰው እንዳለ ይሰማኛል፤ የእግር ድምፅ መጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ወገቤ ሊበጠስ ሲደርስ ድንጋዩ ድንገት ቀለለኝ። «ይቅር ብለውኛል!» ብዬ ቀና ስል ፖሊስ ነው። ወጣት ልጅ ነው፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ በትሕትና ይጠይቀኛል፤ የት ላድርግልህ ማለቱ ይመስለኛል። ወደ ወንዙ ጠቆምኩት። ይዞት ሄዶ ካነሣሁበት ቦታ አስቀመጠው።

ጋሽ ሞሪታ ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያ ቤት ሁለት መቶ ዓመት የኖረው ውስጥ የሆነው ውጭ ባለመሰማቱ ነው። የሐሙሱን ነገር አራት ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው። እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ለመንደሩና ለዓለም ሁሉ አወጅኩት። አልተቆጡኝም። «ዕርቁ ትክክል ነበር» አሉኝ ቆይተው። «ቢቸና ቢሆን ትክክል ነበር።»

ሰኞ ያቺ በር ከፋች ወጣት መጣች። ጋሽ ሞሪታ ጋ ለጥገና የከረመውን የወይዘሮ ኪኩን ሁለተኛ ሻሚሴን ልትወስድ ነው። ሥራው አላለቀም፤ ቆዳው ተወጥሮ አልደረቀም። ጋሽ ሞሪታ እንዳለ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ተሰናበቱ፤ ልጅቷ ስትቀና ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጣፋጩንም በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ መልሳዋለች። እኔ ጓዳ ቆሜ ነው ያየሁት። ከሄደች በኋላ «ለልምምድ ፈልገውት ነው» አሉኝ። መሮና መቁረጫቸውን አንድ በአንድ ጠርገው ሳጥን ውስጥ ከተቱ። ማታ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ድርቆሽ በበርበሬ ፈትፍቼ አቀረብኩ። በሉ፤ እንባቸው ወረደ። በርበሬው ነው አሉ።

የመጨረሻው ቀኔ ሐሙስ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጋሽ ሞሪታ ተጣጥበው፣ ደህናውን ኪሞኗቸውን ለብሰው ወጡ። «ወይዘሮ ኪኩ ጋ እሄዳለሁ፣ አንተ ዕቃህን አስተካክል» አሉኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ታርቀዋል! ዕቃዬን ጨርሼ ልቤ ቢፈነድቅ ወደ ወንዙ ወረድኩ፤ ሲወጡ ልቀበላቸው ነው።

ከድልድዩ በወዲህ በኩል፣ ከሰፈሩ ትይዩ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሽ ሞሪታ እዚያ ቁጭ ብለዋል። እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ወደዚያኛው ዳር ወደ ቤቶቹ። ዛፍ ተከልዬ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሱም። ካፊያ ጀመረ፤ አልተነሡም። በለመዱት ሰዓት ተነሥተው፣ ወደ ሰፈሩ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። በሌላ መንገድ ሮጬ ቀደምኳቸው።

«እንዴት ነበር ጋሼ?» አልኩ ሲገቡ።

«ደህና ነበር። ስላንተ ጠየቁኝ። በብሩ ነገር ሳቁ።»

«ምን ተጫወቱልዎ?»

«የዝናቡን» አሉኝና ከስንኙ መካከል አንዱን በቀስታ አዜሙልኝ። ትከሻቸው እርጥብ ነበር። ኪሞኗቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩ።

ዓርብ ጣቢያ ሸኙኝ። የመልሱን መንገድ አልጽፍም። ዓባይን ስሻገር ወደ አገሬ የምገባ ሳይሆን ከቅጣት የማመልጥ ሰው መስሎ ተሰማኝ። ቢቸና ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ደህና ናቸው፣ ክፍሌን እንዳትሰጡብኝ ብለዋል አልኳቸው። ደስ ብሏቸው በዚያው ቀን እህሉን ማስወጣት ጀመሩ። ሌላ ውሸት።

ሞጣ ኔትወርክ የሚኖረው አልፎ አልፎ ነው። በተገኘ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ፣ እደውልላቸዋለሁ። ሐሙስ ሄዱ ጋሼ? ሄድኩ እንጂ ይሉኛል። ምን እንደተጫወቱላቸው፣ አበባው ምን እንደነበር፣ ሻዩ እንዴት እንደነበር ይነግሩኛል። እኔም እየጠየቅኩ እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ኔትወርኩ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ። እንደገና እንዳይጠፋ ብዬ በጥድፊያ ደወልኩ፤ እዚያ አሥር ሰዓት መሆኑ ትዝ ያለኝ ስልኩ ከተነሣ በኋላ ነው።

«አያሌው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤት ውስጥ ነኝ። ወይዘሮ ኪኩ ሊጀምሩ ነው።»

ከኋላቸው የወንዙ ውሃ ይሰማል። የብስክሌት ደወል ጮኾ አለፈ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «ዝም እላለሁ፣ ያዳምጡ።»

አልዘጉትም። እኔም አልዘጋሁትም። ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን።